«ነጻ» እና «በነጻ»፦ የቤት ኮምፒውተርን ወደ ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና ስለ ማዛወር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።)



የዛሬው ርእስ ሲነበብ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። እኔ ግን ላነሣው የምሻው ጉዳይ በየቤታችን ስላለው ኮምፒውተር፣ በተለይም በዚያ ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ስለ ጻፍነው አማርኛ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የአባታችሁ የእድር መዝገብ፣ የእናታችሁ የሙያ ማስታወሻ ከዐሥር ዓመት በኋላ ይነበባል ወይ? ስርዓተ ክወናን ስለ መለወጥ የምንነጋገረው ከዚህ ጥያቄ ተነሥተን ነው።

አስቀድመን በቃል እንስማማ። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ሲያስታውቅ የተጠቀመበት የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ትርጉም ነበረው፤ አንዱ ነጻነት፣ ሌላው ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር። ከዚያ ወዲህ የንቅናቄው ሰዎች «የምንለው ስለ ነጻነት ነው፣ ስለ ዋጋ አይደለም» እያሉ ሲያስረዱ ኖረዋል። አማርኛ ይህን ችግር በአንድ ፊደል ፈትቶታል። «ነጻ ሰው» ስንል ዋጋ የማይከፈልበት ሰው ብሎ የሚረዳን የለም፤ «በነጻ የተሰጠ» ስንል ደግሞ ስለ ዋጋ መናገራችን ግልጽ ነው። እንግዲህ ነጻ ሶፍትዌር ማለት አራት መብቶችን ይዞ የሚመጣ ነው፦ ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ ምንጭ ኮዱን መመርመርና እንደ ፍላጎት ማሻሻል፣ አባዝቶ ለሌላ መስጠት፣ ያሻሻሉትንም ማሰራጨት። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል በቀጣዩ ዓመት በዚሁ ዐይነት ፈቃድ ሥር ገባ። ዛሬ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ይህ ከርነልና የግኑ መሣሪያዎች ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተሰብስበው የተዘጋጁ ስብስቦች ናቸው።

በሌላው ዓለም ስለ ሊኑክስ የሚሰጠው ገለጻ ብዙ ጊዜ «ዋጋ የለውም» በሚለው ይጀምራል። እኛ ዘንድ ይህ መከራከሪያ ውኃ አይቋጥርም። ላፕቶፕ ስንገዛ ሱቁ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ጭኖ ያስረክበናል፤ ሲበላሽ ደግሞ ሰፈር ወስደን ፎርማት እናስደርጋለን። ተጠቃሚው «ዊንዶውስስ መቼ ተከፍሎበት ያውቃል?» ቢል ከኪሱ የወጣውን ብቻ ካየን እውነቱን ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ እንዳለው የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ የሚያስታውሰውም በዚህ ምክንያት ልማዱን ሲተው አላየሁም። ስለዚህ ሕጉን ጠቅሼ አልፋለሁ። የምቆየው በሌላኛው ዋጋ ላይ ነው።

ክራኩ እንዲሠራ ጫኚው መጀመሪያ የሚያደርገው ጸረ ቫይረሱን ማጥፋት ነው። ከዚያም ቁልፉን እንዳይሰርዝበት ወቅታዊ ማሻሻያዎችን ይዘጋል። ማን እንደ ጻፈው የማናውቀውን ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን አሠርተን፣ በሩን የሚጠብቀውን ዘበኛ አሰናብተን፣ ከዚያ የባንክ የይለፍ ቃላችንን በዚያው ኮምፒውተር ላይ እንጽፋለን ማለት ነው። የዚህን ውጤት እያንዳንዳችሁ በእጃችሁ ነክታችሁታል። ፍላሻችሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክታችሁ ስትመለሱ ፋይሎቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኛችሁ እጃችሁን አውጡ ብል፣ ያላወጣውን መቁጠር ይቀልላል። ያ ቫይረስ ፋይሎቹን አያጠፋቸውም፤ ይደብቅና በምትካቸው የራሱን መጥሪያ ያስቀምጣል። ፍላሹን ሊኑክስ ባለበት ኮምፒውተር ብትሰኩት የተደበቁት ፋይሎች ይታያሉ፤ መጥሪያው ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ አይነሣም። በየመኝታ ክፍሉ አንድ ሊኑክስ ያለው ተማሪ ቢኖር ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ብቻ በተረፈ ነበር።

በዚህ ላይ የጊዜው ጉዳይ ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለግል ተጠቃሚዎች ያመቻቸው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያም የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ ያለው ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ከኢንቴል በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን አይቀበልም። ከውጭ አገር ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከዚህ መስመር በታች ናቸው። ሜሞሪያቸው 4 ጊጋባይት ቢሆን እንኳ ቀለል ባለ ገጽታ፣ ለምሳሌ በኤክስኤፍሲኢ የተዘጋጀ ሊኑክስ ሚንት ወይም ሉቡንቱ ቢጫንባቸው፣ ለጽሑፍና ለንባብ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አማርኛው እመጣለሁ።

ወደ ሊኑክስ የተሻገረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሰማው ቅሬታ ይታወቃል፦ «የድሮ ጽሑፌን ስከፍተው የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ይታየኛል፤ ሊኑክስ አማርኛ አይችልም»። ይህ ፍርድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ምክንያቱን ለማየት ወደ ኋላ መሄድ አለብን። የቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች ለአንድ ፎንት ይሰጡት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ሁሉም ለፊደል የሚውል አልነበረም። የኛ ፊደል ግን 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። በዚያ ጠባብ ቤት ፊደላችንን ያኖሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ሥራዎች ቀላል ብልሃት አልነበረም የጠየቃቸው። ፊደሉን በበርካታ ፎንቶች መክፈል ወይም ከቅጥያ ቁራጮች መገጣጠም ነበረባቸው። የአንድ ትውልድ ጋዜጣ፣ መጽሐፍና ደብዳቤ የተጻፈው በነሱ ስለሆነ ባለውለታዎቻችን ናቸው።

ነገር ግን እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሉን ያስቀመጠው በራሱ ቅደም ተከተል ነበር። በቀድሞዎቹ እትሞች የተጻፈ ሰነድ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ምልክቶችን ብቻ ነው፤ «ሰ» የሚሆንልን ፎንቱ መልኩን ሲያለብሰው ነው። ፎንቱ ከተነሣ አማርኛው አብሮ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሲሰጥ ይህ ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ «ሰ» የትም ቢሄድ «ሰ» ነው። እንግዲህ በሊኑክስ ላይ የተዘበራረቀው ጽሑፍ ቀድሞውንም አማርኛ ሆኖ አልተቀመጠም ነበር። ያ ሰነድ በዊንዶውስም ላይ ቢሆን በአማርኛ ቃል ቢፈለግ አይገኝም፤ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ ለዐይን ያምር ይሆናል፣ ከውስጡ አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ ብትለጥፉ ግን ያው የላቲን ዝብርቅ ይወጣል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል። ስርዓተ ክወና የሚለውጥ ሰው ኖሮበት ያላየውን ሕመም ያየዋል።

በነጻ ሶፍትዌር በኩል ያለውን ታሪክም ማንሣት ተገቢ ነው። ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ በ1990ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) የግዕዝ ፊደልን ማስገባትና ማሳየት ይችል ነበር። በዊንዶውስ ላይ ኒያላ የተባለው ፎንት ለግል ተጠቃሚው የደረሰው ከቪስታ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት የብልህነት አይደለም። አንደኛው ጋ ገበያው ትንሽ ነው ብሎ የሚያዘገይ አልነበረም፤ ቋንቋው የሚያስፈልገው ሰው ምንጭ ኮዱን ከፍቶ ጨመረበት። ከአራቱ መብቶች ሁለተኛው በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዛሬ ሥራው ተራ ሆኗል። አቢሲኒካ እና ኖቶ የተባሉት ፎንቶች ከስርጭቶቹ ማከማቻ ይገኛሉ። ለመጻፍ አይባስ የተባለው የግቤት መሣሪያ ከኤም17ኤን ጋር ሲጫን «ሴራ» የተሰኘ የአማርኛ ስልት ይሰጣል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ግዕዝን በላቲን ፊደል የመወከያ ዘዴ የእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻር ነው። «ሰላም»ን እንደምትናገሩት በላቲን ትጽፉታላችሁ፤ በትንሿ «ቲ» ተ፣ በትልቋ «ቲ» ጠ ይወጣል። በስልካችሁ ከለመዳችሁት ብዙም አይርቅም። ሁሉም ተሟልቷል ማለቴ አይደለም፤ የአማርኛውን የቀን አቀማመጥ ስትመርጡ ወሮቹ በአማርኛ ይጻፋሉ እንጂ የሚቆጠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መስከረምን የምትጠብቁ «ሴፕቴምበር»ን በግዕዝ ፊደል ታገኛላችሁ።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ለማዛወር የወሰነ ሰው አሮጌው ስርዓትና ፎንቶቹ ገና በሕይወት ሳሉ የቆዩ ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ስትጠቀሙባቸው ግን ከዎርድ ሰነዱ ተነሡ እንጂ ወደ ጥሬ ጽሑፍ ከቀየራችሁት አትነሡ። ጥሬ ጽሑፍ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ ስለማይዝ፣ በመካከል ያለው የእንግሊዝኛ ጥቅስ አብሮ ወደማይነበብ ግዕዝ ይለወጣል። አኃዞችን፣ ዲቃላዎችንና አራት ነጥብን በዐይናችሁ አስተያዩ። የመጀመሪያውን ሰነድና የፒዲኤፍ ቅጂውንም አትጣሉ፤ መልኩ እንዴት እንደ ነበር የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ሁሉንም በውጭ ሀርድ ዲስክ ላይ ቅዱ፤ ከተቻለ በሁለት ቦታ።

የመጫኑ ሥራ ከዚህ ይቀላል። የሚወርደው ፋይል እንደ ስርጭቱ ከ3 እስከ 6 ጊጋባይት ነው፤ በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ተማሪ ከባድ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ካወረደው ለሕንጻው ሁሉ ይበቃል፤ ማባዛቱም በፈቃዱ የተሰጠ መብት ነው። ኡቡንቱ ራሱ እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ ሲዲ በፖስታ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር። ከሰው የተቀበላችሁትን ቅጂ ግን በድረ ገጹ ላይ ከተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ሳታመሳክሩ አትጫኑ፤ አለበለዚያ ከክራኩ ልማድ አልወጣችሁም። ፍላሹን ሰክታችሁ ስርዓቱን ሳትጭኑ ሞክሩት፦ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ መንቃቱን፣ አታሚውን። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በገመድ አያይዛችሁ ኢንተርኔት ማግኘት ትችላላችሁ። ዊንዶውስን ጎን ለጎን ለማቆየት የምትፈልጉ ፈጣን ማስነሻ የተባለውን አጥፉ፤ ካልጠፋ ዊንዶውሱ በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ስለሚቆይ ሊኑክስ በዚያ ክፋይ ላይ እንዳይጽፍ ይከለከላል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዞ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የዲስክ ክፋይ የሚያስተካክል ሰው ደግሞ ምክር የሚሰማ አይመስለኝም።

ሁሉም ሰው ይሻገር አልልም። ሥራው በአውቶካድ ወይም በፎቶሾፕ ላይ የተመሠረተ ሰው እነዚህ ለሊኑክስ ስላልተዘጋጁ ይቸገራል፤ ማይክሮሶፍት ኦፊስም እንዲሁ። ሊብረኦፊስ የዎርድ ሰነድ ይከፍታል፣ ሠንጠረዥና ቅርጽ የበዛበት ጽሑፍ ግን ይንሸራተታል። አማካሪ መምህራችሁ በዎርድ አስተያየት እየጻፉ የሚመልሱላችሁ ከሆነ፣ የማስረከቢያው ወር ስርዓተ ክወና የሚለወጥበት ወር አይደለም። በአንጻሩ በስታቲስቲክስ በአር፣ በካርታ ሥራ በኪውጂአይኤስ የምትሠሩ ምንም አይጎድልባችሁም።

ለመምህራን ባልደረቦቼ አንድ ነገር ላክል። ተማሪዎች ሥራቸውን በተወሰነ ኩባንያ ፕሮግራም ብቻ እንዲያስረክቡ በምናዝበት ጊዜ፣ ክራክ እንዲጭኑ እያዘዝን ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ፣ በኦፕን ዶኩመንት ወይም በፒዲኤፍ የተቀመጠ ጽሑፍ እንቀበላለን የሚል አንድ መስመር በኮርስ መግለጫችን ላይ ብንጨምር በጀት አይጠይቅም፤ የዲን ፊርማም የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የቆዩ ሰነዶቻችሁን በፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ከጥያቄና መልሱ በኋላ እዚሁ ከፍተን በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፉ እናያለን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ረድፍ እንጀምር።