መላሽ፦ አባወራ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ከአገር ውጭ በነበረኝ የጥናት ቆይታ የታደምሁት አንድ ምሽት ነው። ተናጋሪዋ እ.ኤ.አ. በ2019 «የማይታዩ ሴቶች» የተሰኘውን መጽሐፍ ያሳተሙት ብሪታኒያዊቷ ጸሐፊ ካሮላይን ክሪያዶ ፔሬዝ ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ወደ አዳራሹ የገባሁት የምሰማውን ሁሉ አስቀድሜ የማውቀው መስሎኝ ነው። የመኪና ግጭት መሞከሪያ አሻንጉሊቶች ለረጅም ዘመን በአማካይ ወንድ ቁመትና ክብደት ይሠሩ እንደነበር አንብቤያለሁ። በአሜሪካ ቀበቶ ያሰረች ሴት አሽከርካሪ በግጭት ከባድ ጉዳት የሚደርስባት ዕድል ከወንዱ በ47 በመቶ እንደሚበልጥ ያሳየውንም የ2011 ጥናት አውቀዋለሁ። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት መጠን ለሴቶች በግማሽ እንዲቀነስ የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የወሰነው በ2013 ነው፤ መድኃኒቱ ከተፈቀደ ከሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ የሌሎች ስሕተት ስለነበር ተረጋግቼ አዳመጥሁ። አንድ ነጥባቸው ግን ዕረፍት ነሣኝ፤ የመረጃው ክፍተት በአብዛኛው ከክፋት የሚመነጭ አይደለም፤ «ሰው» ስንል ወንድን የምናስብበት፣ ማሰባችንንም የማናስተውልበት ልማድ ውጤት ነው። ወዲያው ትዝ ያለኝ የገዛ መጠይቄ ነበር።

ለዶክትሬት ማሟያ ጽሑፌ በምዕራብ ጎጃም የአርሶ አደር ቤተሰቦችን የጉልበት አጠቃቀም ሳጠና፣ በመጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «መላሽ፦ አባወራ» ይል ነበር። ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፤ ሴት መሆኔ አላዳነኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጤፉ ስንት ቀን እንደታረመ አንድ አባወራ ጠየቅሁ። ጥቂት አሰቡና ወደ ምድጃው ዞረው ባለቤታቸውን ጠየቁ። ወይዘሮዋ ቡናውን እየቆሉ የአረሙን ቀናት፣ አብረዋቸው ያረሙትን ጎረቤቶች፣ ዝናብ ያስተጓጎላቸውን ቀን ሳይቀር ዘረዘሩ። አባወራው ቁጥሩን ደገሙልኝ፤ እኔም ጻፍሁ። በቀጣዩ ገጽ ላይ፣ ለወይዘሮዋ ሥራ በተተወው ሳጥን ውስጥ፣ «የቤት እመቤት» የሚለውን መለያ ቁጥር አኖርሁ። በስሌቴ የዚያ ቁጥር ትርጉም «በእርሻ ያልተሰማራ» ነበር። የአረሙ ቀናት በአባወራው ስም ተደመሩ፤ ያረሙት ወይዘሮ ደግሞ ትርፍ ጉልበት ተባሉ። ከዚህ ተነሥቼ፣ ተጨማሪ ጉልበት የሚሻ የአዘራር ዘዴ ቢመጣ ቤተሰቡ አይቸገርም ብዬ ደመደምሁ። ፈታኞቼም አንዳች አልተናገሩም።

ቅጽ ሲለወጥ ምን እንደሚለወጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በትግራይ ከሌሎች ክልሎች ቀድሞ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ብቻ የተዘጋጀ ነበር። ቆይቶ በአማራ ክልል የታደለው ደብተር ግን የባልና የሚስት ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ቦታ ነበረው። ያች ትንሽ ባዶ ቦታ ሚስትን ባለይዞታ አድርጋ አስቆጠረች። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲም በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት የሴቱንም የወንዱንም የቀን ውሎ መዝግቧል። የእኔ መጠይቅ ከዚያ ይቀድማል፤ ይህ ግን ማመካኛ አይሆነኝም፤ መልሱ ምድጃው አጠገብ ሲነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁና።

ያ መረጃ ዛሬም በትምህርት ክፍላችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ያገለግላል። ላስወግደው አስቤ ነበር። ሆኖም ዋናዎቹን መጠይቆች ከቢሮዬ ቁም ሣጥን አውጥቼ ሳገላብጥ፣ በአንዳንዶቹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ሚስት መለሰች» ብዬ ጽፌ አገኘሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ያልገቡ ማስታወሻዎች ናቸው። አሁን እነርሱን በመልቀም ላይ ነኝ። ጽሑፋችሁን በዚህ መረጃ ላይ የመሠረታችሁ ተማሪዎች ከማስረከባችሁ በፊት ቢሮዬ ብቅ በሉ።