ልጁ ለምን ይወድቃል?

ዛሬ የምናገረው ከጋን፣ ከጢፓት ሐላቭ ወይም ከሐኪም ስለምትሰጥ አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ ልጁ ወደ ልጆች እድገት ክፍል፣ በዕብራይስጥ «ሂትፓትሑት ሃየሌድ» ወደሚባለው ቦታ ሄዶ እንዲታይ ትላለች። ብዙ ጊዜ የምትሰጠውም ልጁ ቶሎ ቶሎ ስለሚወድቅ፣ ደረጃ መውጣት ስለሚፈራ፣ ወይም ኳስ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍና በመቀስ መቁረጥ ስለሚከብደው ነው።

በሥራዬ ያገኘኋት አንዲት እናት ይህችን ወረቀት ተቀብላ ከመሳቢያ ውስጥ ካስቀመጠቻት አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። ልጇ አምስት ዓመቱ ነው። «ምነው ሳትሄዱ ቀራችሁ?» ብዬ ብጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኅቴ፣ ልጄ ጅል አይደለም። እዚያ ከሄደ ስሙ ይጻፍና ከጓደኞቹ ለይተው ሌላ ትምህርት ቤት ይከቱብኛል» አለችኝ። ልጁ ግን በዚያው ዓመት ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች ርቆ ከግድግዳ ሥር መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ጠዋት ጠዋትም «ሆዴን አመመኝ፣ ጋን አልሄድም» ይል ነበር።

የእናቲቱ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። ቋንቋውን ገና ያላወቀ ልጅ ችሎታ እንደሌለው ተቆጥሮ ወደ ልዩ ትምህርት መላኩን ብዙ ወላጆቻችን በምሬት ያነሡታል። ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች ለይተን እንያቸው። በቁፓት ሖሊም የሚሰጠው ሕክምና ልጁ በሰውነቱ እንዲታዘዝ የሚረዳ ነው። ልጁ የት ይማር የሚለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሌላ ኮሚቴ ይታያል። በ1988 የወጣው የልዩ ትምህርት ሕግ በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ልጁ ድጋፍ ይገባዋል ከተባለ በኋላም በመደበኛ ትምህርት ቤት ይማር ወይስ በልዩ የሚለውን የመምረጥ መብት በመሠረቱ የወላጅ ነው። የሐኪም ምስጢርም በ1996 በወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ሕክምናውን ፈርታችሁ አትቅሩ፤ እንድትፈርሙ የሚሰጣችሁን ወረቀት ግን ምን እንደሚል ሳታውቁ አትፈርሙ።

አሁን ልጁ ለምን ይወድቃል ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ሰው ቆሞ የሚሄደው በእግሩ ብርታት ብቻ አይደለም። አእምሮ ከሦስት ቦታ ወሬ ይቀበላል። አንደኛው ዓይን ነው። ሁለተኛው በጆሮ ውስጥ ያለው ክፍል ነው፤ ጭንቅላታችን ማዘንበሉንና መዞሩን እርሱ ይነግረናል። ሦስተኛው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ነው፤ ሳናይ እንኳ እግራችን የት እንዳለ እናውቃለን። እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በአንድ እግር ቁሙ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ወዲያው መወዛወዝ ትጀምራላችሁ፤ ከሦስቱ አንዱ ቀርቷልና። አረጋውያን ግን ይህን ስትሞክሩ ግድግዳ ያዙ።

አንዳንድ ልጅ ሦስቱን ወሬዎች አስማምቶ ሰውነቱን ማዘዝ ይከብደዋል። ይህ ችግር ብርቅ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ከደረሱ ከ100 ልጆች 5 ወይም 6 የሚሆኑት ዘንድ ይገኛል። በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ አለ። ስንፍና አይደለም፣ የእናት ጥፋት አይደለም፣ የአእምሮ ማነስም አይደለም። ጎበዝና አስተዋይ ሆኖ ጫማውን ማሰር የሚያቅተው ልጅ አለ።

ታዲያ መቼ እናሳስብ? ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን አይራመዱም። ቢሆንም 18 ወር ሞልቶት ሳይደገፍ የማይራመድ ልጅ መታየት አለበት። አብዛኞቹ ልጆች በ2 ዓመታቸው ይሮጣሉ፣ ኳስ ይመታሉ፤ በ2 ዓመት ተኩል በሁለት እግር ይዘላሉ፤ በ4 ዓመት ትልቅ ኳስ ብዙውን ጊዜ ይቀልባሉ፤ በ5 ዓመት በአንድ እግር ይዘላሉ፣ ጥቂት ቁልፍም ይቆልፋሉ። አንዱ ቢዘገይ አትደንግጡ፤ ብዙው ከዘገየ ግን ጠይቁ። አንድ ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም ሕፃንም ይታይ። ደኅና ይሄድ የነበረ ልጅ መውደቅ ከጀመረ፣ ይልቁንም ራስ ምታትና ትውከት ካለበት፣ ተራ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ሕክምናውን የሚሰጡት ሁለት ዓይነት ባለሙያዎች ናቸው። ፊዚዮቴራፒያ ይበልጡን መቆምን፣ መራመድንና መዝለልን ይመለከታል። ሪፑይ በዒሱክ ማለት በሥራ አማካይነት መታከም ማለት ሲሆን፣ መልበስን፣ መብላትን፣ መጻፍንና መጫወትን ይመለከታል። ክፍሉ ስትገቡ የመጫወቻ ቦታ ይመስላችኋል፤ ፍራሽ፣ ትልቅ ኳስ፣ መሰላል፣ ዥዋዥዌ አለበት። አንድ አባት፣ «እኔ ሥራዬን ትቼ ያመጣሁት ለጨዋታ ነው ወይ?» ብለውኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባለሙያዋ ልጁን በኳሱ ላይ አስቀምጣ ወገቡን ትይዛለች። ኳሱን ቀስ ብላ ስታዘነብለው ልጁ እንዳይወድቅ ሰውነቱን ያቃናል። በሚቀጥለው ጊዜ በሁለት እጅ የያዘችውን በአንድ እጅ፣ ከዚያ በጣት ብቻ ትይዘዋለች። በመጨረሻ እጇን ታነሣለች። የሕክምናው ዓላማ ይኸው እጅ የምታነሣበት ቀን ነው።

በእጅ ይዞ የማከም ጥበብ ረጅም ታሪክ አለው። ከናዚዎች ሸሽተው ለንደን የገቡት በርታ ቦባትና ባለቤቷ ዶክተር ካረል ቦባት ይህን መንገድ በ1940ዎቹ ጀምረው ለዓለም አስተምረዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን አንድ ነገር ጨምረዋል። የባለሙያ እጅ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ የሚያስፈልገውን ሥራ ራሱ ደጋግሞ ሲሠራው ነው የሚለምደው። ብስክሌት መንዳት ከፈለገ ብስክሌት፣ ቁልፍ መቆለፍ ከፈለገ ቁልፍ ይለማመዳል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደረግ ሕክምና ጥቂት ነው። የቀረው የሳምንቱ ጊዜ የእናንተ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች «እኛ ምን እናውቃለን?» ይሉኛል። ብዙ ታውቃላችሁ። ሰኞ ማክሰኞ መጫወት በአንድ እግር መዝለልን ያስተምራል። ቅልብልቦሽ ዓይንና እጅን ያስማማል። በጎንደር አጠገብ በወለቃ እናቶቻችን ሸክላ ሲሠሩ ልጆች አጠገባቸው ጭቃ ይድቦለቦሉ ነበር፤ ዛሬ ባለሙያዋ ለልጁ የምትሰጠው ጭቃ ለጣቶቹ የሚያደርገው ያንኑ ነው። አያት ቤት ካሉ ስፌት ሲሰፉ፣ ጥጥ ሲፈትሉ ልጁ አጠገባቸው ይቀመጥና ይሞክር። ለሰንበት ዳቦ ሊጥ ስታቦኩ ለእርሱም ቆርሳችሁ ስጡት። ሸምታችሁ ስትመለሱ ቀለል ያለች ከረጢት ይያዝ። ሱሪውን እናንተ አታልብሱት፤ አስር ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ቀስቅሱትና ራሱ ይልበስ። በቀን አስር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በደስታ ቢሠራ፣ በግድ ከሚሠራበት አንድ ሰዓት ይሻላል።

የማይደረገውንም ልንገራችሁ። በወንድሙ እያመሳሰላችሁ አትሳቁበት። ግራኝ ከሆነ ቀኝ እጅህን ካልተጠቀምህ ብላችሁ አታስገድዱት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሊውጠው የሚችለውን ጠጠርና ጨሌ አትስጡ። ሕፃን የሚቀመጥበት ባለ ጎማ መራመጃም ልጅን ቶሎ አያራምድም፤ ይልቁንም ከደረጃ ላይ ይጥላል። ከእርሱ ይልቅ ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ፣ እያያችሁት በሆዱ ተኝቶ በመሬት ላይ ይጫወት።

ወረቀቷ በእጃችሁ ካለች እንዲህ አድርጉ። ከጥር 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና ዋስትና ሕግ መሠረት የአገሪቱ ነዋሪ ሁሉ ከአራቱ ቁፓት ሖሊም የአንዱ አባል ነው፤ የልጆች እድገት ሕክምናም በሕጉ ውስጥ አለ። ልጁ የሚያገኘው የሕክምና ብዛትና የምትከፍሉት እንደ ዕድሜው ስለሚለያይ በቁፓት ሖሊማችሁ ጠይቁ። ተራው ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ የሚተረጉም ሰው እንፈልጋለን» በሉ። ትልቋን ልጃችሁን ለማስተርጎም ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። ልጁ በአማርኛ የሚያውቀውን፣ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ለባለሙያዋ ንገሩ፤ ቋንቋ አለመቻሉ ሰውነቱን ማዘዝ እንዳልቻለ እንዳይቆጠርበት የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ሲጨርሱ ደግሞ፣ «በዚህ ሳምንት ቤት ምን እንሥራ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ያቺ እናት በመጨረሻ ወረቀቷን ከመሳቢያ አወጣች። አብረን ሄድን። ልጁ ዛሬም ከሁሉ የቀደመ ሯጭ አይደለም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ነገር ግን ጫማውን ራሱ ያስራል፣ ደረጃውን ሳይደገፍ ይወርዳል፣ ኳስም ሲመጣለት አይሸሽም። ትምህርቱንም ከሰፈሩ ልጆች ጋር እዚያው ትምህርት ቤት ጀምሯል። እናቱ ግን አሁንም አንድ ነገር ይቆጫታል። «ያን አንድ ዓመት ግድግዳ ሥር ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ» ትላለች። እኔም፣ «የፈራሽው ለልጅሽ ብለሽ ነው፤ ደግሞም አውጥተሻታል» አልኋት።

አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ይህ በሽታ እንኳ አይደለም፤ ሊሸሸግ ቀርቶ ሊታፈርበትም አይገባም። እናንተም ወረቀቷ በመሳቢያ ውስጥ ካለች ዛሬ ማታ አውጧት።