ከነገሌ እስከ ፈታኞች ጠረጴዛ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ በክብረ መንግሥትና በሻሸመኔ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ የነገሌ፥ የያቤሎ ወይም የሞያሌ ወጣት ለባንክ የሥራ አመራር ሠልጣኝነት ሲጠራ ያን ሁሉ መንገድ የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ለማይበልጥ የቃል ፈተና ነው። ጓደኛው ዘንድ አድሮ፥ የተዋሰውን ኮት ለብሶ፥ ከሦስት ወይም ከአራት ፈታኞች ፊት ይቀመጣል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ያች ግማሽ ሰዓት ናት።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ስለ ራስህ ንገረን» የሚል ነው። ተፈታኙ የትውልድ ስፍራውንና የተመረቀበትን ውጤት ይናገርና ዝም ይላል። አባቱ ከብት አርቢ መሆኑን፥ እርሱም በዕረፍት ወራት ከጥልቁ ኤላ ውሃ ሲቀዳ ማደጉን ይሸሽጋል፤ ለቢሮ ሰው የማይመጥን ይመስለዋልና። የሸሸገው ግን ፈታኞቹ በመጽሐፍ የማያገኙትን ዕውቀት ነው። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከተፈቀዱ ወዲህ ቅርንጫፎች እስከ ቆላው ከተሞች ዘልቀዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። ሕንፃውን ማቆም ቀላሉ ነው፤ የደንበኛውን ኑሮ የሚያውቅ ኃላፊ ማግኘት ግን ያስቸግራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሊከብድ ይችላል። «አንድ አርብቶ አደር አርባ ከብት አስይዞ ብድር ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?» ይባላል እንበል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትን በመያዣነት ለመያዝ በር ከፍቷል። ይህን ጠቅሶ የሚያበቃ ተፈታኝ ሕጉን አውቋል፤ ነገር ግን በየካቲት ድርቅ የከሳች ላምና ዝናብ ጠግቦ በግንቦት የምትታይ ላም በዋጋ አንድ እንዳልሆኑ አልተናገረም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ዝናቡ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ሳይበቃ ቀርቶ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። እንግዲህ ከብቱ ተከትቧል ወይ? የመንጋው ግጦሽና ውሃ ወዴት ነው? የመክፈያው ቀን ከገበያው ወቅት ጋር ይገጥማል ወይ? እነዚህን መልሶ የሚጠይቅ ወጣት ከየትኛውም ፎርሙላ ይልቅ ፈታኙን ያሳምናል።

አንድ ነገር ለፈታኞችም ይነገር። በቆላው ባህል ወጣት በሽማግሌ ፊት ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፤ ተራው ሳይደርስም አይናገርም። በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው የቦረና ጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሰው የሚከበረው አስቦ በመናገሩ እንጂ ፈጥኖ በመመለሱ አይደለም። ይህ ሥርዓት የሚገኝበት ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። የተፈታኙን ዝምታ እንደ ድንቁርና ቆጥሮ ነጥብ የሚቀንስ ፈታኝ ተሳስቷል። ተፈታኙም በበኩሉ ይህን ልማድ የማያውቅ ሰው ፊት እንደተቀመጠ ተረድቶ «ጥቂት ላስብበት» ቢል ይበጀዋል።

«የት ለመሥራት ትፈቅዳለህ?» ሲባል «የትም» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ፈታኞቹ ይህን ስለሚጠብቁ አያምኑትም፤ ጥያቄውም ራሱ ግልጽ አይደለም፥ ዶሎ ሊልኩት አስበው የበረሃ አበል መኖር አለመኖሩን አይነግሩትምና። «ሞያሌ ወይም ነገሌ ብመደብ ቋንቋውንም ገበያውንም ስለማውቅ ፈጥኜ እሠራለሁ፤ ሌላም ቦታ እሄዳለሁ» የሚለው መልስ የታመነ ነው። ሴት ተፈታኝ በዚህ ላይ ስለ ትዳሯ ትጠየቅ ይሆናል፤ ስለ ሥራው ብቻ መልሳ ማለፍ ትችላለች።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ሲባል «የለኝም» አይባልም። ሥልጠናው ስንት ወር ነው? ከሥልጠና በኋላ የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት ነው? ቀድሞ ቢለቅ ምን ይከፍላል? ዋስስ ከየት ይምጣ? ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ደመወዝተኛ ዋስ ነው፤ አባቱ መቶ ከብት ቢኖረውም ለዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ ከነገሌ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት ከከተማው አስተማሪዎች ወይም የጤና ጣቢያ ሠራተኞች አንዱን አነጋግሮ፥ የደመወዝ ማስረጃ ሊጽፍለት መፍቀዱን አረጋግጦ ይምጣ።