ከምርጫ ክርክር በኋላ፤ ወጪው የማን ነው? ፍርዱንስ ማን ይፈጽማል?

(በጅቡቲ ከተማ በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በደስታ ቀን ስለ ክርክርና ስለ ፍርድ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ያለ ቦታው የገባ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ከበዓሉ ማግሥት አዲስ የሥራ አመራር ኮሚቴ እንመርጣለን። ምርጫ ባለበት ቅሬታ አይጠፋምና፣ ሆድና ጀርባ ሳንሆን ከወዲሁ ብንነጋገርበት ይሻላል በማለት ነው።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። ፍርድ ግን ያኔም ያለ ወጪ አይገኝም። ተሟጋቹ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ እየተወራረደ ይከራከራል፤ የተረታው ውርርዱን ይከፍላል።

ዛሬ ይህን ጉዳይ የያዘው የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በአንቀጽ 462 መሠረት፣ ሕግ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ ወጪና ኪሳራን ማን እንደሚከፍል የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። የረታው ወገን የዳኝነት የከፈለውን፣ የጠበቃውን፣ የምስክሩን ወጪ ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም ይመረምረዋል። ብዙ ጊዜ ግን በፍርዱ መጨረሻ የምናነበው «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ» የሚለውን ነው። አቅም የሌለው ከሳሽ በደሃ ደንብ እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል። በአንጻሩ እንደ እኛ ከአገር ውጭ የሚኖር ከሳሽ ለኪሳራ የሚሆን ዋስትና እንዲያስይዝ ሊታዘዝ እንደሚችል መዘንጋት የለብንም።

የምርጫ ክርክር ከሌላው ክርክር የሚለየው ከሳሹ የሚሟገተው ለራሱ ብቻ ባለመሆኑ ነው። ኪሳራው ከከበደ ቅሬታ ያለው ሁሉ ፈርቶ ዝም ይላል። ኪሳራ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ የተሸነፈ ሁሉ ለእልህ ይከሳል። ጎረቤታችን ኬንያ ሁለቱን ለማመዛዘን ሞክራለች። በምርጫ ሕጓ የፓርላማ መቀመጫ ውጤትን የሚቃወም 500,000፣ የፕሬዚዳንት ምርጫን የሚቃወም 1,000,000 ሽልንግ ማስያዝ አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ግን እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ2017 እና በ2022 በቀረቡለት የፕሬዚዳንት ምርጫ ክርክሮች ወጪውን ግራ ቀኙ እንዲቻቻሉ ወስኗል። በ2017 ምርጫውን በሰረዘ ጊዜ እንኳ የተረታውን ወገን ኪሳራ አላስከፈለም።

ከወጪው የሚከብደው አፈጻጸሙ ነው። በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት ቅንጅት የሰላማዊ ሰልፍ እገዳውን በመቃወም ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክስ አቅርቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ መራው፤ ጉባኤውም አቤቱታውን አልተቀበለውም። እንግዲህ ሊፈጸም የሚችል ፍርድ ሳይገኝ ጉዳዩ እዚያው ቀረ።

በ2013 ዓ.ም. የሆነው ግን ሌላ ነው። እስር ቤት የነበሩት እስክንድር ነጋና ሌሎች የባልደራስ አባላት በእጩነት እንዲመዘገቡ በግንቦት ወር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ወሰነ። ምርጫ ቦርድ በመጀመሪያ ጊዜው እንዳለፈና የድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንደታተመ ገልጦ፣ ለመፈጸም እንደሚቸገር ተናገረ። ቆይቶ ግን ለፍርዱ ተገዛ፤ ወረቀቱም እንደገና እንዲታተም ተደረገ። እጩዎቹ አላሸነፉም፤ ፍርዱ ግን ተፈጸመ። የቦርዱ ሰብሳቢ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ሳሉ አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ አዝዘው፣ እሳቸው ግን ወዲያው መልሰው ሲታሰሩ ያዩ ሰው ናቸው። ያልተፈጸመ ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ እኛው ልመለስ። አገር ቤት ሳለሁ አባል የነበርኩበት ዕድር በሊቀ መንበር ምርጫ ለሁለት ተከፈለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና የባንክ ሒሳቡ ታገደ። በዚያ መሐል ከአባላቱ አንዱ ዐረፉ። ዕድሩ ገንዘብ እያለው ለባለቤታቸው የሚገባቸውን መስጠት አልቻለም። ጎረቤት አዋጥቶ ቀበራቸው። በኋላ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ረታ፤ ለጠበቃ የወጣው ግን የሁላችንም መዋጮ ነበር። ሴትየዋን ቀና ብሎ ለማየት የደፈረ አልነበረም።

እኛ ደግሞ የምንኖረው በሰው አገር ነው። ጅቡቲ የምርጫ ክርክሯን የሚዳኝ የራሷ ሕገ መንግሥታዊ ምክር ቤት አላት። የእኛን የማኅበር ጠብ ይዘን ፍርድ ቤት ብንቆም ግን፣ በአማርኛ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ ሁሉ ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎም ይኖርበታል። የአስተርጓሚው ሒሳብ ብቻ የችግረኛ ወገኖቻችንን መርጃ ሣጥን ባዶ ያደርጋል።

ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ነገሮች እንዲገቡ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ በቀን ይቆጠር፤ የሚሰሙትም ለምርጫ ያልቀረቡ ሦስት ሽማግሌዎች ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ተመራጭም ሆነ ቅሬታ አቅራቢ ለራሱ ክርክር የማኅበሩን ገንዘብ እንዳይነካ፤ ሁሉም የየራሱን ይቻል። ሦስተኛ፣ ክርክር ቢነሳም ለቀብር፣ ለሕመምና ለአገር ቤት መመለሻ የሚሆነው ገንዘብ በምንም ምክንያት እንዳይታገድ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ።

የሽማግሌዎቹን ውሳኔ የሚያስፈጽምልን ፖሊስ የለም። የሚያስፈጽመው የተረታው ወገን በሚቀጥለው ስብሰባ መጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ የረታውም ተነሥቶ ሲቀበለው ነው።