በሩቅ የቢስክሌት መንገድ እግር እንዳይደነዝዝ ስለ መጠንቀቅ



ፈረስ የሚጋልብ ሰው ገና ኮርቻ ሳይጭን የፈረሱን ጀርባና ሰኮና ይመረምራል፤ ጀርባው የተላጠ፥ ሰኮናውም የነቃ ፈረስ ሩቅ አገር እንደማያደርስ ከአባቶቹ ተምሯልና። ቢስክሌት ግን ሣር አይበላም፥ ውሃም አይጠጣም፤ የሚነዳው የሰው እግር ነው። ስለዚህ በቢስክሌት ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው እንደ ፈረስ ሰኮና አድርጎ ሊመረምር የሚገባው የራሱን እግር ነው።

በባሕር ዳርና ይህን በመሰሉ ሜዳማ ስፍራዎች ቢስክሌት የዕለት መጓጓዣ ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ተማሪው ወደ ቤቱ፥ ነጋዴውም ወደ ገበያው ይሄድበታል። መንገዱ አጭር ሲሆን ስለ እግሩ የሚያስብ የለም። አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት የነዳ ሰው ግን አስቀድሞ ከእግሩ ጣቶች ሥር ማቃጠል ይጀምረዋል፤ ቀጥሎም ጉንዳን እንደ ወረረው ሁሉ ውርር ይለዋል፤ በመጨረሻም ጣቶቹ የሌሉ እስኪመስሉት ድረስ ይደነዝዛሉ። ይህንን አንዱ ስንፍና ነው ይላል፤ ሌላው ብርድ ነው ይላል፤ ከክፉ መንፈስ የመጣ የሚመስለውም አይጠፋም። ነገር ግን የሕመሙ ሥር የታወቀ ነው፤ ሥሩ ከታወቀም መከላከያው ከሰው እጅ የራቀ አይደለም።

የሰው እግር ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች 26 አጥንቶች አሉት። ከነዚህም አምስቱ ረዘም ረዘም ያሉት ከእግሩ መካከል ተነሥተው ወደ አምስቱ ጣቶች ይዘልቃሉ። በነዚህ አጥንቶች መካከል ሐኪሞች ነርቭ የሚሏቸው ቀጫጭን ክሮች ወደ ጣቶቹ ያልፋሉ። ነርቭ የስሜት መልእክተኛ ነው፤ ሙቀቱን፥ ብርዱን፥ የእሾሁንም ውጋት ከጣት ተቀብሎ ወደ አንጎል ያደርሳል። መተላለፊያው ግን ጠባብ ነው። ጫማው ከግራና ከቀኝ ሲያጣብቀው፥ የቢስክሌቱም መርገጫ ከታች ሲገፋው፥ ነርቩ በሁለት ድንጋይ መካከል እንደ ተያዘ ክር ይሆናል፤ ደሙም እንደ ልብ አይዘዋወርም። መልእክተኛው መንገድ ሲዘጋበት መልእክቱ ሳይደርስ ይቀራል፤ መደንዘዝ የሚባለውም ይህ ነው። ቶማስ ሞርተን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በፈረንጆች ቁጥር በ1876 ዓ.ም. በአራተኛው ጣት ሥር አካባቢ የሚነሣውን እንዲህ ያለ ሕመም ጽፎ ስለ ገለጠ፥ ሕመሙ እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ይጠራል።

እግረኛ ከቢስክሌተኛ ይልቅ ረዥም መንገድ ሄዶ ሳይደነዝዝ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው? የእግረኛ እግር በየእርምጃው ከመሬት ይነሣል፤ ክብደቱም ከተረከዝ ወደ ጣት እየተዘዋወረ ያርፋል። የቢስክሌተኛ እግር ግን ከመርገጫው ሳይነሣ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ስፍራ ይገፋል። በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜ የሚያዞር ሰው በእያንዳንዱ እግሩ በአንድ ሰዓት 3,600 ጊዜ፥ በሦስት ሰዓትም 10,800 ጊዜ ይረግጣል። ያው አንዱ ሥጋ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲጫኑት ዝም ብሎ ሊችል አይቻለውም።

መምህራን ይህንን ለልጆች በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። አንድ ድንጋይ በቀጭን ሲባጎ ታስሮ ተማሪው በጣቱ ጥቂት ጊዜ ያንጠልጥለው፤ ቀጥሎም ያው ድንጋይ በሰፊ ጨርቅ ታስሮ ይያዘው። የድንጋዩ ክብደት አንድ ሲሆን ሲባጎው ይቆርጣል፥ ጨርቁ ግን አይጎዳም። እንስራ የሚያዝሉ እናቶች ማንገቻቸው ቀጭን እንዳይሆን የሚጠነቀቁት ስለዚህ ነው። ለእግርም ደንቡ ይኸው ነው፤ ግፊቱ ሰፍቶ ሲያርፍ ይቀላል፥ ጠቦ ሲያርፍ ያደነዝዛል።

ይህ ሕመም የደካማ ሰው ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ጨዋታ መጀመሪያ የተካፈለችው በ1956 ዓ.ም. በፈረንጆች ቁጥር በአውስትራልያ አገር በሜልቦርን ከተማ ነበረ፤ ያን ጊዜ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በቢስክሌት ተወዳደሩ። በዚያ ዘመን የቢስክሌት ተወዳዳሪዎች እግራቸው እንዳይንሸራተት በብረት ማቀፊያና በጠፍር ከመርገጫው ጋራ ያስሩት ነበር። ጠፍሩ ሲጠብቅ እግሩን ያጸናል፤ የእግሩን ጀርባ ግን ይጫናል። በ1984 ዓ.ም. ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ የጫማውን ሶል ከመርገጫው ጋራ የሚያያይዝ መያዣ አወጣ፤ በሚከተለውም ዓመት በርናር ኢኖ በዚሁ መያዣ እየነዳ ቱር ደ ፍራንስ የሚባለውን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። ጠፍሩ ቀረ፤ ነገር ግን መያዣው ከጣቶቹ ሥር በአንድ ስፍራ ሲገፋ መደንዘዙ ፈጽሞ አልቀረም። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች መያዣውን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ተረከዝ ወገን ይስቡታል፤ ጫማቸውንም ሰፋ ያለና ሶሉ ጠንካራ የሆነ አድርገው ይመርጣሉ። የገጠር ነጂ በዚህ ነገር ከነርሱ ይሻላል፤ እግሩ ስላልታሰረ ያለ አንዳች መሣሪያ በወደደው ጊዜ ስፍራውን ሊለውጥ ይችላል።

እንግዲህ መጠንቀቂያው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ጫማ። ሶሉ የሳሳ ሸራ ጫማ የመርገጫውን ብረት እንዳለ ለእግር ያሳልፋል። ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ ግን ግፊቱን ያሰፋዋል፤ ከመኪና ጎማ የተሠራው በረባሶ እንኳ በዚህ በኩል ከሳሳው ሸራ ጫማ ይበልጣል። ወርዱ ጣቶቹን የማያጣብቅ፥ በውስጡ ጣቶች እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱበት ይሁን። እግር በቀን ሙቀትና በድካም ያብጣል፤ ስለዚህ ጫማ የሚገዛ ሰው ከሰዓት በኋላ ቢለካው ይሻለዋል፥ ጧት ልክ የሆነው ማታ ይጠባልና። በጠባብ ጫማ ላይ ወፍራም ካልሲ ማድረግም ማጥበብ ነው እንጂ ማለስለስ አይደለም። የጫማው ክር ከጣቶች ወገን ላላ ብሎ፥ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ጠበቅ ብሎ ይታሰር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችኮላ የተጠበቀ ክር በመንገድ ላይ መፈታቱ አይቀርምና፥ ከመነሣት በፊት በዝግታ ማሰር ይገባል።

ሁለተኛ፥ መርገጫ። በብዙ የገጠር ቢስክሌት የመርገጫው ጎማ አልቆ ቀጭኑ ዘንግ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ባለው ዘንግ ላይ መርገጥ ድንጋዩን በሲባጎ እንደ ማንጠልጠል ነው። አዲስ መርገጫ ማግኘት ያልቻለ ሰው የእግሩን ወርድ የሚያህል እንጨት አስጠርቦ በብሎን አጥብቆ ያስገጥምበት፤ ነገር ግን እንጨቱ እየተሽከረከረ ወይም እየላላ እግር እንዳይጥል ከጉዞ በፊት ይፈተሽ።

ሦስተኛ፥ አረጋገጥ። መርገጫው ከጣቶቹ ሥር ባለው ወፍራም ሥጋ ላይ ይረፍ፤ በጣቶቹ ጫፍ ግን አይረገጥ። ማቃጠል ሲጀምር እግሩን አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት ማሳለፍ ይገባል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ወደ እግሩ መካከል ይሸሻል።

አራተኛ፥ የኮርቻው ከፍታ። ነጂው በኮርቻው ተቀምጦ ተረከዙን ዝቅ ባለው መርገጫ ላይ ሲያኖር ጉልበቱ ቀጥ ይበል፤ እንደ አረጋገጡ ደንብ በፊተኛው እግሩ ሲረግጥ ደግሞ ጉልበቱ ጥቂት እጥፍ ይላል። ኮርቻው ከዚህ በላይ ከፍ ቢል ነጂው መርገጫውን ለመድረስ በጣቶቹ ጫፍ ይንጠራራል። በአባቱ ቢስክሌት የሚሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ እግሩ የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ግን የአንድ ብሎን ነገር ነው።

አምስተኛ፥ አነዳድና ዕረፍት። በከባድ ኀይል በዝግታ ከመግፋት ይልቅ ቀለል አድርጎ ቶሎ ቶሎ ማዞር እግርን ያሳርፋል። እግሩ ወደ ላይ በሚመለስበት ጊዜ መጫኑን ይተው፤ በጫማው ውስጥም ጣቶቹን ያንቀሳቅስ። ማርሽ የሌለው ቢስክሌት በዳገት ላይ እግርን እጅግ ይጫናል፤ ከኋላ ሰው ወይም ጆንያ የጫነ እንደሆነ ደግሞ ይብሳል። በዳገት ጊዜ ወርዶ መግፋት ይገባል። ጎልማሶች ይህን ያፍሩበታል፤ ነገር ግን መውረድ ውርደት አይደለም፥ በእግር የሄዱበት ጥቂት ስፍራ ለደነዘዘው እግር መድኃኒት ነውና። ዳገት በሌለበት መንገድም በየግማሽ ሰዓቱ ወርዶ ጥቂት እርምጃ መሄድ መልካም ነው። ለሩቅ መንገድ አዲስ የሆነ ሰው መንገዱን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እግሩ ቢደነዝዝ፥ ነጂው ቢስክሌቱን ፈጽሞ አቁሞ በዝግታ ይውረድ፤ በደነዘዘ እግር ዘሎ የወረደ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ይወለምበታልና። ከዚያም ጫማውን አውልቆ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ፥ ውስጥ እግሩንም በእጁ ይሸው። ብዙ ጊዜ ስሜቱ በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል። የደነዘዘውን እግር ግን ወደ እሳት ማቅረብ ክልክል ነው፤ ስሜት የሌለው እግር ሲቃጠል አይታወቀውም። መብጣትና ዋግምትም ቁስል ከመጨመር በቀር የሚጠቅሙት ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ መምህራንና ሽማግሎች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከቢስክሌት የመጣ መደንዘዝ ምክንያቱ ሲወገድ ይሄዳል። ጫማው ወልቆ፥ እግሩም አርፎ፥ እስከ ማግሥት ያልለቀቀ መደንዘዝ፥ ወይም ቢስክሌት ሳይነዱ የሚመጣ መደንዘዝ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። የስኳር በሽታ የሁለቱንም እግር ስሜት ቀስ በቀስ ያጠፋል። ከወገብ የሚወጣ ነርቭ ሲጫን አንዱን እግር ያደነዝዛል፤ አንዳንድ ጊዜም የእግሩን ፊት ማንሣት እስከማይቻል ድረስ ያደክመዋል። በቆዳው ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፥ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት የታየበት ሰው ደግሞ ለሥጋ ደዌ ሊመረመር ይገባዋል።

የሥጋ ደዌ ስም በተጠራ ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጦ ይሸሸጋል፤ የሚጎዳውም መሸሸጉ ነው። ይህ በሽታ እርግማን ወይም የዘር ነገር አይደለም፤ ምክንያቱ ተሕዋስ መሆኑን የኖርዌይ ሐኪም ሐንሰን በ1873 ዓ.ም. በፈረንጆች ቁጥር አግኝቶታል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ1981 ዓ.ም. መድኃኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም ያለ ዋጋ ይታደላሉ። እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወር ወይም በ12 ወር ሕክምና ይድናል። ፈጥኖ የታከመ ሰው እግሩ ይተርፋል፤ ዘግይቶ የመጣ ግን ከበሽታው ቢድንም የጠፋው ስሜት ሳይመለስለት ሊቀር ይችላል። ስሜት የሌለው እግር በጫማ ውስጥ የገባችውን ጠጠር አያውቃትም፤ ጠጠሯ ቁስል ትሆናለች፥ ቁስሉም አጥንት ይደርሳል።

ስለዚህ አንድ ተማሪ እግሬ ደነዘዘ ብሎ ሲናገር መምህሩ ሰነፍ ብሎ አይገሥጸው፤ ከቢስክሌት በወረደ ጊዜ ይለቀው እንደሆነ ይጠይቀው። የሚለቀው ከሆነ ጫማውን፥ መርገጫውንና ኮርቻውን ይመልከትለት። የማይለቀው ከሆነ ከወላጆቹ ጋራ ተነጋግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው። ሽማግሎችም ቃላቸው በቀበሌው የሚሰማ ነውና፥ እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ጠንቋይ የሚወስዱትን ወገኖች ይምከሩ፥ በበሽታውም የሚያፍሩትን ያደፋፍሩ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ስሜት የእግር ጠባቂ ነው፤ ጠባቂው ዝም ያለ ጊዜ ዝም ያለበትን ምክንያት በዚያው ቀን መጠየቅ ይገባል።