በአሮጌ ፒክ አፕ ላይ ሁለተኛ የጭስ መውጫ ስለ መግጠም
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ጣልያኖች ማርሚታ የሚሉት በመጀመሪያ ደረጃ ድስትን ነው። የሞተርን ድምፅ የሚያፍነውን የቆርቆሮ ሣጥን በዚሁ ስም የጠሩት ድስት ድስት ስለ መሰላቸው ሳይሆን አይቀርም። ቃሉ ከፍሪሲዮን፣ ከካምቢዮና ከቡሎን ጋር ወደ አማርኛ ገብቶ ቀረ። የሚያስደንቀው ግን ቃሉ መርካቶ ከደረሰ በኋላ የገጠመው ዕድል ነው። በምናለሽ ተራ ያረጀ በርሜል ዘርግቶ የከሰል ማንደጃ የሚቀጠቅጠው እጅ በዚያው መዶሻ፣ ከዚያው ላሜራ የመኪና ማርሚታ ሲሠራ ይታያል። ድስቱና ማርሚታው ተለያይተው የኖሩ ዘመዶች እንደ ሆኑ ያህል እንደገና በአንድ ተራ ተገናኝተዋል።

መርካቶ ዛሬ ያለበትን ቦታና ስሙን ያገኘው አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ጦር ከተያዘች በኋላ፣ በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። በተራዎቹ መካከል ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራም ባገለገለ ብረትና ከእርሱ በሚሠራው ዕቃ የታወቁ ሆነዋል። የዚህ ንግግር ጉዳይ የሆነው ሥራ በሁለቱ ተራዎች መካከል የሚመላለስ ነው። ይኸውም በአሮጌ ፒክ አፕ ላይ ከአንድ የጭስ መውጫ ይልቅ ሁለት መግጠም ነው።

የሥራው ጥያቄ ዘወትር በአንድ ዓይነት መልክ ይመጣል። «ልጄ፣ ሁለት ማርሚታ ግጠምልኝ፤ መኪናዋ ዳገት ላይ አልተነፍስ አለች» ይላል ባለቤቱ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ከሆነ መልሱ ጥያቄ ነው፤ «ጋሼ፣ ከሞተሩ ጀምረን እንለየው ወይስ አንዱን ቱቦ ከኋላ ለሁለት ከፍለን እናውጣው?» በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ የጉዳዩ ምሕንድስና ከሞላ ጎደል ተጠቃሎ ይገኛል። ከማርሚታው በኋላ ለሁለት የተከፈለ ቱቦ ከኋላ ለሚከተል ሾፌር ደስ የሚል ጌጥ ይሆናል እንጂ ለሞተሩ አንዳች የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጋዙ በጠባቡ መንገድ አልፎ ከጨረሰ በኋላ ሰፊ በር ቢከፈትለት ምን ይጠቅመዋል?

ለምሳሌ ያህል በአገራችን መንገዶች ለብዙ ዘመን ያገለገለውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ባለ 40 ተከታታይ ፒክ አፕ እንውሰድ። የቀድሞው የኤፍ ሞተር ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተሰለፉበት፣ 3,878 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው የቤንዚን ሞተር ነው። የማቀጣጠል ተራው 1-5-3-6-2-4 ነው። ተራውን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ እሳቱ አንድ ጊዜ ከፊተኞቹ ሦስት፣ አንድ ጊዜ ከኋለኞቹ ሦስት እየተፈራረቀ ይወጣል። ስለዚህ ፊተኞቹን ሲሊንደሮች ለአንድ ቱቦ፣ ኋለኞቹን ለሌላ ቱቦ የሰጠ ባለሙያ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ የጋዙ ምት በየ240 ዲግሪው እኩል ሆኖ እንዲመጣ አድርጓል ማለት ነው። አንዱ ሲሊንደር የሚተፋው ጭስ በጎረቤቱ ላይ የሚፈጥረው ጫናም በእጅጉ ይቀንሳል።

ነገሩ በባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ ፒክ አፖች ላይ እንዲህ የተስተካከለ አይደለም። ተራው 1-5-4-8-6-3-7-2 በሆነው በቀድሞው የፎርድ ሞተር በቀኝ በኩል ያሉት አራት ሲሊንደሮች በ180፣ በ270፣ በ180 እና በ90 ዲግሪ ልዩነት ይተፋሉ። ሁለቱ እግር በእግር የሚከታተሉ ስለሆኑ፣ ሁለቱን ቱቦዎች በመካከል በሚያገናኝ አጭር ቱቦ ማስተንፈስ የተለመደ ሆኗል። ይህን ማገናኛ አይቶ የወደደ ሰው በስድስት ሲሊንደር መኪናው ላይ ቢያስገጥመው ጉዳት ባይኖረውም፣ ተፈላጊነቱ እምብዛም ነው።

ሰዎች የሚወድዱት ድምፅም ከዚሁ ይመነጫል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር በአንድ ቱቦ በሴኮንድ 150 ምት ይወጣል፤ መንገዱ ከሥሩ ሲለይ ግን በእያንዳንዱ ቱቦ 75 ብቻ ይሆናል። ጆሮ ይህን እንደ ወፈረ ድምፅ ይሰማዋል። ብዙ ባለቤቶች ኃይል ተጨመረ ብለው ገንዘብ ከፍለው የሚሄዱት በዚህ ድምፅ ተደስተው ነው፤ ድምፅ መውደድ ነውር አይደለም፤ ለኃይል ተብሎ ሲከፈልበት ግን ሒሳቡ መታየት አለበት።

ሒሳቡም እንደሚከተለው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ዙር ሲሠራ ከመጠኑ ሦስት አራተኛውን አየር ይስባል ቢባል በሴኮንድ 87 ሊትር ያህል ይሆናል። ይኸው አየር ተቃጥሎ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወጣ ከ220 ሊትር በላይ ይነፋል። የቱቦው ውስጣዊ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጋዙ በሴኮንድ 140 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ቱቦው ሁለት ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ፣ ፍጥነቱ የሚያመጣው የግፊት ብክነት ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ የባለቤቱ ሐሳብ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ባለ 45 ቱቦዎች የሚሰጡትን ያህል መተላለፊያ አንድ ባለ 64 ሚሊ ሜትር ቱቦም ይሰጣል፤ ያውም በአንድ ማርሚታ፣ ባነሰ ብየዳና ባነሰ ክብደት። የጭስ መሰብሰቢያው ካልተከፈለ በስተቀር አንዱን ሰፊ ቱቦ የሚመርጥ ባለሙያ የሚነቀፍ አይደለም።

ስለ ዳገቱም አንድ ነገር ግልጽ መሆን ይገባዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የመኪናዋ «አልተነፍስ ማለት» ከዚህ የመጣ ሲሆን ችግሩ የሚገባው አየር ማነስ እንጂ የሚወጣው ጭስ መታፈን አይደለም። ለባሕር ዳርቻ አየር የተመጠነ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ደግሞ ጥቁር ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያበዛል። ስለዚህ ከሁለት ማርሚታ ዋጋ በፊት የካርቡራቶሩን ጂግለር ማስመርመር፣ የአየር ማጣሪያውንና የእሳቱን ሰዓት ማስተካከል ይቀድማል። ከዚህ በኋላም የጎደለው ካልሞላ ስለ ቱቦ መነጋገር ይቻላል።

ዋናው አደጋ ያለው መሰብሰቢያውን በመክፈሉ ሥራ ላይ ነው። መሰብሰቢያው ጊዛ ነው። ጊዛ ሲቆረጥ ይታዘዛል፤ ሲበየድ ግን ያኮርፋል፤ ቀዝቃዛ ሳለ እሳት የነካው እንደ ሆነ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ባለ 40ው ላንድ ክሩዘር በጃፓን መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ያበቃ ስለሆነ፣ የተሰነጠቀውን የሚተካ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር መዞር ነው። ያን ጊዜ ፒክ አፑ ቆመ ማለት ነው፤ በእርሱ ጭነት የሚተዳደር ቤተሰብም አብሮ ቆመ። ያገለገለ መኪናን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ካስወደደው፣ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለውን እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

ስለሆነም የሚመከረው የፋብሪካውን መሰብሰቢያ ሳይነኩ በቅባት ጠቅልሎ ማስቀመጥና ሌላ መሰብሰቢያ ከብረት ቱቦ መሥራት ነው። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። በኤፍ ሞተር ላይ የአየሩ ማስገቢያና የጭሱ መሰብሰቢያ በአንድ ወገን ተያይዘው የሚታሰሩ ሲሆን የጭሱ ሙቀት የሚገባውን ቤንዚን ያሞቃል። ጭሱ ሲለይ ይህ ሙቀት ይቀራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሞተሩ ይንገራገጫል። የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውሃ በቀጭን ቱቦ ከማስገቢያው ሥር አዙሮ ማሞቅ ይቻላል። መሰብሰቢያውን መቁረጥ የግድ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ በከሰል እሳት በእኩል ማሞቅ፣ በነሐስ ዘንግ ማያያዝና በአመድ ውስጥ ቀብሮ እስከ ማግሥቱ እንዲቀዘቅዝ መተው ያስፈልጋል። አመድ በምናለሽ ተራ የሚታጣ ነገር አይደለም።

ቱቦውን በተመለከተ በርካሽ የሚገኘው የውሃ ቧንቧ ነው፤ ነገር ግን ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ የብየዳ እሳት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የሚወጣውን ነጭ ጭስ የሳበ በያጅ ማታ ወባ እንደ ያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ብዙዎች ወተት ጠጥተው ይሠራሉ፤ ወተቱ ግን ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም። ያልተቀባ ቱቦ መግዛት የሚሻል ሲሆን ካልተገኘም ከሚበየደው ጫፍ ላይ ዚንኩን በሞላ ፍቆ በነፋሻ ቦታ መሥራት ነው። ቱቦ ለማጠፍ አሸዋ ሞልቶ ማጋል የቆየ ዘዴ ነው፤ አሸዋው በምጣድ ተቆልቶ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ከቀረበት ሁለቱ ጫፎቹ የተደፈኑት ቱቦ በእንፋሎት ይፈነዳል።

በዚህ አንጻር የምናለሽ ተራን በርሜል ቆራጮች አሠራር ኋላ ቀር አድርጎ የሚያይ መሐንዲስ ይሳሳታል። በርሜልን በመሮና በመዶሻ የሚቆርጡት ጋዝ መቁረጫ ስለ ቸገራቸው ብቻ አይደለም፤ ባዶ በሚመስል የነዳጅ በርሜል ውስጥ የቀረ ትነት እሳት ሲነካው ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ቤቶቹ ተደጋግፈው በቆሙበት ሠፈር አንድ ፍንዳታ የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ፣ መንስኤው ምንም ይሁን ምን፣ እሳት በመርካቶ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለሁሉም አሳይቷል። ስለዚህ በመኪናው ሥር ከመበየድ በፊት የቤንዚኑ ጋንና መስመሩ መሸፈን፣ የባትሪውም ሽቦ መፈታት አለበት።

ሁለተኛው ቱቦ የሚያልፍበት ወገን ፋብሪካው ለጭስ ያላሰበው ወገን ነው። በዚያ በኩል የፍሬን ዘይት ቱቦ፣ የቤንዚን መስመር ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ይገኝ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ሲግል ውስጡ ያለው እርጥበት ይተናል፤ ሾፌሩ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ፔዳሉ ከወለሉ ይደርስበታል። ቱቦው በተቻለ መጠን መራቅ፣ መራቅ ካልተቻለም በመካከል የላሜራ ጋሻ መግባት አለበት። ማንጠልጠያውም ከሻሲው ጋር በደረቁ መበየድ የለበትም። ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ይወዛወዛል፤ ቱቦው አብሮ ካልተወዛወዘ የሚሰበረው ከላይ ነው። ከአሮጌ ጎማ ጎን የተቆረጠ፣ በረባሶ ከሚሠራበት ጎማ ያልተለየ ቁራጭ ለዚህ ይበቃል። የቱቦዎቹ ጫፍ ከጭነት ሣጥኑ በስተኋላ ማለፍ ይኖርበታል፤ ከጎን የወጣ ቱቦ ወለሉ በዝገት ወደ ተበሳው ጋቢና ሽታ የሌለውን መርዝ ይልካል።

ዝገት ሲነሳ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ እንደሚያወጣ ማስታወስ ይገባል። ጭሱ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ቱቦ ቀዝቃዛ ስለሚሆን፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ ብቻ ለሚመላለስ መኪና ውሃው ከማርሚታው ውስጥ ይቀራል። የበርሜል ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከውስጥ ሲበላ ብዙ አይቆይም። በማርሚታው ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሦስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መብሳት ዕድሜውን ያረዝማል። አንዳንድ ደንበኞች «ገና ሳይለበስ ቀደዱት» ብለው ይቆጣሉ።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ሥራው ያስፈልግ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በጥቂት ብር መለካት ይቻላል። ከማርሚታው በፊት ባለው ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ዳዶ ይበየድበታል። በዳዶው ቀጭን የመዳብ ቱቦ፣ ከእርሱም በኋላ ውሃ የያዘና እንደ ቀለበት ታጥፎ የቆመ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የላስቲክ ቱቦ ይያያዛል። መኪናዋ ተጭና ዳገት ስትወጣ የሁለቱ ውሃዎች ከፍታ ልዩነት ይነበባል፤ አሥር ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ልዩነቱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ባለቤቱ ገንዘቡን ለካርቡራቶሩ ያውለው፤ አንድ ሜትር ካለፈ ግን ቱቦው በእርግጥ ጠቧል፣ ወይም የድሮው ማርሚታ ከውስጥ ፈርሶ መንገዱን ዘግቷል። ልኬቱ ሲያበቃ ዳዶው በቡሎን ይደፈናል፤ ለሚቀጥለው ጊዜም እዚያው ይቆያል።