ስለ አሮጌ መኪና ቁልፍና ሽቦ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ብዙ ቁም ነገር አሰምተውናል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ከነሱ ያነሰ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም ስለ አሮጌ መኪና ቁልፍና ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦው ነው። ነገር ግን በትዕግሥት ብታዳምጡኝ፣ ትንሽ ነገርን መናቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሰው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። የሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገናኘት ዘወትር ያስደንቀኛል። መኪናውን ወዲያው ወደድነው፤ እጁን ግራሶ የነካውን ሰው ማክበር ግን እስከ ዛሬ ይከብደናል።

ዛሬ ከአሰላ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ብንቆም፣ ከእኛ ከተማሪዎቹ ዕድሜ የሚበልጡ መኪናዎች ገብስና ድንች ጭነው ሲያልፉ እናያለን። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ለብዙ ቤተሰብ እንደ እርሻ በሬ ተጠብቆ የሚያዝ ሀብት ሆኗል። አባቴም እንዲህ ያለ አንድ ፒክአፕ አለው፤ የእኔና የታናናሾቼ የደብተርና የልብስ ወጪ የሚሸፈነው በርሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቁልፍ ልናገር። በአማርኛችን ቁልፍ የምንለው የሚከፍተውንም የሚከፈተውንም ነውና፣ ነገሩ እንዳይምታታ በኪስ የሚያዘውን መክፈቻ፣ በበሩ ውስጥ ያለውን ቁልፍ እላለሁ። በመኪና በር ቁልፍ ውስጥ በትንንሽ ስፕሪንጎች የሚገፉ ስስ የብረት ቅጠሎች ተደርድረዋል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ቅጠል በልኩ ያቆሙታል፤ ቁልፉም ይዞራል። አንዱ ቅጠል በአቧራ ቢያዝ፣ ወይም የመክፈቻው ጥርስ ከአገልግሎት ብዛት ቢበላ፣ አልዞርም ይላል። በዚህ ጊዜ የብዙዎቻችን ልማድ በጉልበት መጠምዘዝ ነው። እኔም አንድ የገበያ ቀን ሳጉሬ ላይ እንዲሁ አድርጌ መክፈቻውን ሰበርሁት፤ ግማሹ በጣቴ መካከል፣ ግማሹ በበሩ ውስጥ ቀረ። አባቴ አልተቆጣኝም። «ልጄ፣ ብረት ሲያስቸግርህ ምን እንደ ነካው መርምር እንጂ አትታገለው» ብቻ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የተማርሁት ይህን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አቧራውን በጎማ መንፊያ አየር ማስወጣት ይገባል። የሞተር ዘይት ግን ማፍሰስ አይገባም፤ ዘይቱ አቧራውን ይዞ እንደ ጭቃ ይጋገራልና። ከዚህ ይልቅ የምንጽፍበትን እርሳስ ጥቁር ዱቄት በመክፈቻው ጥርሶች ላይ አሽቶ በቀስታ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ይበቃል። ዱቄቱ ግራፋይት ስለ ሆነ ብረቱን ያለ ዘይት ያንሸራትተዋል። ደግሞም መክፈቻ ሲቀረጽ፣ ሞዴል የሚሆነው ብዙ ያልሠራው መለዋወጫ ይሁን። ከተበላ መክፈቻ የተቀረጸ አዲስ መክፈቻ የአሮጌውን ጉድለት ይወርሳል፤ ከሰነፍ ተማሪ ደብተር ተገልብጦ እንደ ተጻፈ መልስ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ፊውዝ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ እናገራለሁ። ባለፈው ክረምት የፍሬቻው ፊውዝ ተቃጠለ፤ ሌላ በእጄ ስላልነበረ በመዳብ ሽቦ ተካሁት። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ እኔም በብልኀቴ ኮራሁ። ጥቂት እንደ ሄድን ከመሪው ሥር የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን፤ ጢስም ታየ። አባቴ ፈጥኖ መኪናውን አቆመና የባትሪውን ገመድ ነቀለ። እንዲህ ባያደርግ ኖሮ መኪናው ሊነድ ይችል ነበር። በኋላ ስንመረምር ከኋላ መብራት አጠገብ አንድ ሽቦ ከብረት ጋር ሲፋተግ ልባሱ ተልጦ አገኘን። የ10 አምፔር ፊውዝ ሥራው ከዚያ የበዛ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ራሱ ቀልጦ ሽቦውን ማዳን ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉትን ፊውዙ ይሠራልናል፤ እኔ ግን ተቆጪውን አባርሬ ጥፋቱን አስገባሁት። ፊውዝ ሲቃጠል ምክንያቱን መፈለግ፣ የተላጠውን ሽቦ መሸፈን፣ ከዚያም በልኩ ያለውን ፊውዝ መተካት ይገባል።

ሦስተኛው በቤታችን የደረሰ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በኅዳር ወር የንጋቱን ብርድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በብርድ ጊዜ የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተሩም ዘይት ይወፍራል። በአንድ እንዲህ ባለ ንጋት እናቴ በጠና ታመመች። አባቴ መክፈቻውን ሲያዞር መብራቱ በደንብ ይበራል፤ ሞተሪኖው ግን «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ጎረቤቶቻችን በጨለማ ወጥተው ቁልቁል ገፍተው አስነሡልን፤ እናቴም ሐኪም ቤት ደርሳ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነች። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ባትሪውም ሞተሪኖውም ይለወጥ ብሎ መከረን። አባቴም ያለችንን አንዲት ጊደር ሊሸጥ አሰበ።

እኔ ግን በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የኦም ሕግ ትዝ አለኝ። መብራቱ የሚፈልገው ወደ 5 አምፔር ገደማ ሲሆን፣ ሞተሪኖው ግን ከ100 አምፔር በላይ ይፈልጋል። በመንገዱ ላይ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ የሆነ መሰናክል ቢኖር ከመብራቱ ግማሽ ቮልት ይቀንሳል፤ ይህም አይታወቅም። በሞተሪኖው መንገድ 100 አምፔር ሊያልፍ ቢሞክር ግን ከ12ቱ ቮልት 10ሩ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ያን ያህል ከቶ ማለፍ አይችልም። በዚህ ምክንያት መብራት መብራቱ ብቻ መንገዱ ደኅና መሆኑን አያስረዳም።

ከመምህሬ ቴስተር ተውሼ ባትሪውን ብለካው 12.5 ቮልት አሳየ፤ ደኅና ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ፣ ሁለተኛውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ አባቴን መክፈቻውን እንዲያዞር ለመንሁት። ወደ ዜሮ መቅረብ ሲገባው 4 ቮልት አሳየ። መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት፣ የእርሻውን ማሳ ሳይሆን ባትሪውን ከሞተሩና ከሻንሲው የሚያገናኘው ገመድ፣ ጫፉ ዝጎ ቡሎኑ ላልቶ ነበር። ፈታን፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፈተግን፤ አጥብቀን አሰርን፤ ዝገት እንዳይመለስ ከላይ ግራሶ ቀባን። በማግሥቱ ንጋት ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። ጊደሯም እስከ ዛሬ በግቢያችን አለች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ይህን የምናገረው ሁላችንም ባለ ጋራዥ እንሁን ለማለት አይደለም። ፍሬንና መሪ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ስለ ሆኑ ለዐዋቂ ይተው። ቺፕ ያለበት የአዲስ መኪና መክፈቻም በእርሳስ ዱቄት አይድንም። ሽቦ ከመንካት በፊት የባትሪው ነጋቲቭ ገመድ ይፈታ፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ስለሚፈነዳ እሳት አይቅረበው። ስለ ቁልፍ የሚገኘውም ዕውቀት የራስን በር ለመክፈት እንጂ የሌላውን ለመድፈር አይሁን።

በመጨረሻም ሁለት ልመና አለኝ። ለትምህርት ቤታችን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴስተርና አንድ አሮጌ ባትሪ ይሰጠንና በሰሌዳ የተማርነውን በእጃችን እንሞክር። ለወላጆቻችን ደግሞ፣ ልጃችሁ እጁ ጠቁሮ ወደ ቤት ቢመጣ ትምህርቱን ትቷል ብላችሁ አትዘኑ፤ ምናልባት ያን ቀን ትምህርቱ ገብቶት ይሆናል።